ስሙ የሚጠራበት መስኮት

ልብስ ተኳሿ በወር አንድ ቀን ከላውንደሪው ግማሽ ቀን ታስፈቅዳለች። የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ወሩን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ የምትከርመው ሴትዮ ለአንዴ የራሷን ቀሚስ ትተኩሳለች። ፀጉሯን ታበጥራለች፣ ጫማዋን ትወለውላለች፣ ከንፈሯንም ቅባት ነካ ታደርገዋለች። ለማያውቃት ሰው ሰርግ የተጠራች እንጂ ዕዳ ልትከፍል የምትሄድ አትመስልም። ልጇ ጩጬ «እኔ ልሂድልሽ እማ፣ እግርሽን ያምሽ የለ?» ስትላት መልሷ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ተዪኝ፣ የራሴ ጉዳይ ነው።»

ዕዳው የመሐንዲሱ ነው። መሐንዲሱ የጩጬ ታላቅ ወንድም ነበር። ገና ልጅ ሳለ የቤቱን ሬዲዮ ፈታትቶ መልሶ መግጠም ያቃተው ዕለት ነው ይህ ስም የወጣለት። ታናሽ እህቱን ጩጬ ያላትም እሱ ነው፤ ይኸው ቁመቷ ከእናቷ በልጦም ስሙ እንደ ማስቲካ ተጣብቆባት ቀረ። አድጎም አላሳፈራቸውም፣ እውነትም ምህንድስና ገባ። ክፍያው የሚቀመስ ስላልነበረ ከተማሪዎች ብድር ቢሮ ተበደረ፤ እናቱም ዋስ ሆና ፈረመች። ሦስተኛ ዓመት ላይ እያለ ከኮሌጅ ወደ ቤት ሲመጣ የተሳፈረበት አውቶቡስ ተገለበጠ። አለቀ። እንዲህ ያለውን ነገር አሳምሮ መናገር አይቻልም።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ ለእናቲቱ አዘነላት፤ አዝኖም፣ ማንም ማንንም ሳያማክር፣ በአንድ ነገር ተስማማ። ስሙን በፊቷ አያነሱም። ጎረቤት ሲመጣ ወሬው ስለ ውሃ መጥፋትና ስለ ኑሮ ውድነት ሆነ። አክስትየዋ ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ ወሰደችው፣ «እንዳታይው ብዬ ነው» አለች። ጩጬም ብትሆን አፏን ለጉማ በሆዷ አለቀሰች፤ ስለ ወንድሟ ማውራት ሲያምራት ወደ ጓሮ ወጥታ ልብስ የምታሰጣ ትመስል ነበር። ሁሉም ደግ የሠራ መስሎታል። እናቲቱን ግን የጠየቃት የለም።

ዕዳው እንደሆነ ደግነት አያውቅም፤ ተማሪው ትምህርቱን አቋርጧል ተብሎ ወደ ዋሷ ዞረ፣ በየወሩም ይመጣል። እሱን ለመክፈል ከሁለት ክፍል ቤት ወደ አንድ ክፍል ወረዱ። እናቲቱ መነጽር ታዘዘላትና «ለካውያ ምን መነጽር ያስፈልጋል» ብላ ተወችው። ጩጬ ትምህርቷን ጨርሳ አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀጠረች፤ የምታገኘው የቤት ኪራዩን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሁለቱም ጥርሳቸውን ነክሰው ኖሩ።

ነገሩ የተነሳው ጩጬ ለአዋላጅ ነርስነት ተፈትና ያለፈች ጊዜ ነው። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ክፍያው አሁንም አይቀመስም፣ እንዲያውም ከወንድሟ ጊዜ ብሶበታል። ብድር ያስፈልጋል፣ ለብድሩ ዋስ ያስፈልጋል። አጎት ተብዬው «ዋስ» የሚለውን ቃል ገና ሲሰማ ስልኩ ድንገት ባትሪ ጨረሰ። ከእናቷ ሌላ ዋስ የሚሆናት ማንም አልነበረም። ረቡዕ ዕለት ከሱቁ ፈቃድ ጠይቃ ብድር ቢሮ ሄደች።

መረጃ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችው ወጣት ኮምፒውተሯን ነካክታ ራሷን ነቀነቀች።

«እናትሽ ያልተዘጋ ዋስትና አለባቸው። እሱ ሳይዘጋ ለሌላ ሰው ዋስ መሆን አይችሉም።»

«የወንድሜ ነው። ወንድሜ… በሕይወት የለም።»

ወጣቷ ቀና አለች። «ታዲያ ምን ያስከፍላቸዋል? ተበዳሪው ከሞተ ዕዳው ይሰረዛል እኮ! የሞት የምስክር ወረቀት ማምጣት ብቻ ነው።»

ጩጬ እንዴት እንደወጣች አታውቀውም። ምስኪን እናቷ ባለማወቅ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደደከመች አሰበች፤ ደስታዋም አላስቀምጥ አላት። እግሬ አውጪኝ ብላ ላውንደሪው ድረስ ሮጠች።

የመተኮሻው ክፍል በእንፋሎት ታፍኗል። እናቷ የአንድ ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ከጫፍ ወደ መሀል እየተኮሰች ነበር። ጩጬ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ የሰማችውን ሁሉ ዘረገፈችው። እናቷ ካውያውን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«እንደሚሰረዝ። ገና በመጀመሪያው ወር የቢሮው ዘበኛ ነግሮኛል።»

ጩጬ ክው አለች። ከዚያ የሚያቆማት ጠፋ። «አውቀሽ ነው እንዴ የምትከፍዪው? አንድ ክፍል ውስጥ ታጉረን፣ አንቺ ዓይንሽ እየፈዘዘ፣ እኔ እዚያ ሱቅ ቆሜ ስውል?»

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰው አለ።»

«ሰው ይስማ! ለሞተ ሰው ትከፍያለሽ፣ ያለሁት እኔ ግን…»

አንዴ ካፏ ወጥቷል። በቤታቸው «ሞተ» የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም። ሌሎቹ ተኳሾች ካውያቸውን አቁመው ዞሩ። እናቷ ሸሚዙን ቆለፈች፣ አጣጠፈች፣ ከክምሩ ላይ ሌላ አነሳች።

«ነገ አብረን እንሄዳለን» አለች። «እዚያ ከደረስን በኋላ ያልሽኝን አደርጋለሁ።»

ያን ምሽት ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ተኙ።

የብድር ቢሮው አዳራሽ በፕላስቲክ ወንበር የተሞላ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የመጣ ሰው የብድር ካርዱን በመስኮት ያስገባና ይቀመጣል፣ ገንዘብ ተቀባዩም ተራ በተራ በድምፅ ማጉያ ይጠራል። የሚጠራው ግን የከፋዩን ስም አይደለም፣ የተበዳሪውን ነው፤ ደረሰኙ የሚቆረጠው በእሱ ስም ነዋ። እናት ትምጣ አባት ይምጣ፣ መስኮቱ ደንታም የለው።

እናቷ ካርዱን አስገብታ የፊተኛው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ጩጬ ፊቷን እንደቋጠረች አጠገቧ ተቀመጠች። ምን ልታሳየኝ ነው ያመጣችኝ እያለች በልቧ ትነጫነጫለች። ስም ይጠራል፣ ሰው ይነሳል፣ ሌላ ስም ይጠራል።

ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸና የወንድሟ ስም ወጣ። ቅጽል ስሙ አይደለም፤ እናቱ ያወጣችለት፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። ጠሪው ምንም የማያውቅ ሰው ነው፣ በተረጋጋ ድምፅ ነው የጠራው። ለአንድ ጉዳይ ወጣ ብሎ አሁን የሚመለስ ሰው የሚጠራ ይመስላል።

«አቤት!» አለች እናቷ።

እንዴት ያለ አቤት ነው! ጩጬ እናቷ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት ረስታው ነበር። ወንድሟን በስሙ ሲጠሩት ከሰማች ሦስት ዓመት አልፏል። ነገሩ ሁሉ በአንዴ ተገለጠላት። ሰው ሁሉ ሲያዝንላት የልጇን ስም ካፉ አጥፍቶባት፣ እናቷ በወር አንዴ እየከፈለች ታስጠራው ኖሯል። ካጠፉባት ሰዎች አንዷ ደግሞ ራሷ ጩጬ ናት።

«እዚህ ብቻ ነው» አለች እናቷ ሳትዞር። «ሌላ የትም አይጠሩትም።»

ጩጬ ክንዷን ያዘቻት። እንባዋ ፊቷን ሞልቶታል። «እማ፣ ይቅር። ክፈዪው። ዘንድሮ ባልማር ምን ይመጣል? ለከርሞ እማራለሁ።»

«ለከርሞም እኮ ይጠሩታል። ያኔስ ምን ልልሽ ነው?»

ስሙ እንደገና ተጠራ። እናቷ ከወንበሯ ተነስታ ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ ቆማ ሰማች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደች።

ገንዘብ ተቀባዩ ያውቃታል። «ደህና ሰነበቱ እናቴ? እንደወትሮው ነው?»

ገንዘብ አላወጣችም። ጠዋት ከሣጥን ያወጣችውን የሞት የምስክር ወረቀት በመስኮቱ አስገባችለት።

«ልጄ ሞቷል» አለች።

ሰውየው ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ተመልሶ ቀኑን አየ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ? ምነው ሳይነግሩን? የከፈሉት እኮ አይመለስም፣ እናቴ።»

«ይመለስልኝ አላልኩም።»

ሰውየው ወረቀቱን ከካርዱ ጋር አያይዞ ዕዳውን ሰረዘው። ማህተሙን እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጎ አሳረፈው።

የዋስትና ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው። እናቷ የደረጃውን ብረት ይዛ እያረፈች ወጣች፤ ጩጬ ከኋላዋ ሆና ልትደግፋት ብትዘረጋም እጇን አልተቀበለቻትም። ጸሐፊዋ ሥራ የበዛባት ሴት ናት፣ ቀና ብላ ሳታይ ጥያቄውን ታከታትለዋለች።

«ተማሪዋ ከተመረቀች በኋላ መክፈል ካልቻለች እርስዎ እንደሚከፍሉ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ሥራ?»

«ልብስ ተኳሽ።»

«ቤቱ የግል ነው የኪራይ?»

«የኪራይ።»

«ባለቤትዎ?»

«ድሮ ነው ያረፈው።»

«ስንት ልጆች አሉዎት?»

 ጩጬ እናቷን ታውቃታለች፤ ይህን ጥያቄ ሐኪምም ይጠይቃት አከራይ፣ «ሁለት» ነው የምትለው፣ ማንም ቀና ብሎ አያርማትም። አሁንም ሁለት በዪ ልትላት ፈለገች። ቁጥር አይደል፣ ማንን ይጎዳል? ጸሐፊዋ ብዕሯን እንደያዘች ትጠብቃለች። እናቷ በተተኮሰው ቀሚሷ ላይ እጇን ደጋግማ አሸች፣ የሌለ እጥፋት የምታቃና ይመስል።

«አንድ» አለች።

ጸሐፊዋ ጻፈችና እናቷን በዋስነት አስፈርማ ወረቀቱን አዙራ ወደ ጩጬ ገፋችው። ጩጬ ብዕሩን አነሳች፤ መፈረሚያው መስመር ግን በእንባዋ ውስጥ አልያዝ አላት።

«ፈርሚ እንጂ ልጄ» አለቻት እናቷ። «ሰው እየጠበቀ ነው።»