የሚከፈት ማንጠልጠያ

የግራ ጆሮዬ ጫፍ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ልጅ ሆኜ ከብልባላ ገበያ ስንመለስ የአህያ ጭነት ገመድ ጉትቻዬን ይዞት ሄደ። ጉትቻው አልበጠስ አለ፤ የተበጠሰው ጆሮዬ ነው።

ልጄ ብርቅዬ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ስታልፍ፣ ለልጇ ለየሺሃረግ የቀረላት አንድ ጥንድ የብር ጉትቻ ነው። ማንጠልጠያዎቹ ተሰባብረው ስለነበር በጨርቅ ተቋጥሮ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። የሰማንያ ዓመተ ምሕረት ገና ሲቃረብ፣ አሥራ አራት ዓመት የሞላት የሺሃረግ ቋጠሮውን ይዛ መጣች።

«እምዬ፣ ለገና የእናቴን ጉትቻ ላድርግ።»

በገና ቤተ ማርያም ዙሪያ ሰው እንዴት እንደሚጋፋ አውቃለሁ። እምቢ እንዳልላት ደግሞ የእናቷ ነው።

ጎረቤታችን አንጥረኛው ገብረ ሊባኖስ ለማንጠልጠያ የሚሆን የጃንጥላ ሽቦ አወጣልኝ።

«እመት ትርንጎ፣ ይኼን በሬ ቢጎትተው አይከፈትም።»

«እኔስ የፈራሁት እሱን ነው። የሚከፈት ነው የምፈልገው።»

«የሚከፈትማ ማንጠልጠያ ሳይሆን በር ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

ስለዚህ ራሴ ሠራሁት። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ ገመዱ ተጥሎ ነበር። የስልክ ሽቦ ቆረጠች ተብዬ እንዳልታሰር ሊቀመንበሩን በወረቀት አስፈረምሁ፤ መሠረተ ትምህርት ያተረፈልኝ ይኼን ነው፣ ያለ ፊርማ ምንም አልነካም። ገመዱን ልጬ ከውስጡ ቀዩን የመዳብ ሽቦ አወጣሁ። ይበልጥ እንዲለሰልስ ፍም ላይ አጋልሁት፣ በእንዝርቴ እንጨት ላይ ጠምዝዤ አጎበጥሁት፣ ጫፉን በሞረድ አለሰለስሁና እንዳይወጋት በከንፈሬ ፈተንሁት። በመጨረሻ ነጠላዬ ላይ ሰክቼ ሳብ ባደርገው ተከፈተ። ደስ አለኝ፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ ሠራሁት።

«ይጠነክራል እምዬ?»

«ይጠነክራል» አልኋት። ዋሸሁ።

የገና ዕለት ረፋድ ላይ ቀኝ ጆሮዋን በእጇ ይዛ ተመለሰች። እጇን አንስቼ ደም ፈለግሁ። ደም የለም። ጉትቻውም የለም።

«የአንዲት ሴት ነጠላ ያዘው። ጎንበስ ብዬ ብፈልግ ብፈልግ እግር ብቻ ነው። ይጠነክራል ብለውኝ ነበርኮ!»

«እንዲከፈት ብዬ ነው የሠራሁት።»

«አውቀው?»

«አውቄ።» ሻሼን ፈታሁና ጆሮዬን አሳየኋት፤ የአህያውንም ነገር ነገርኋት።

ትክ ብላ አየችው። «እንዲህ ሆኜ ተወለድሁ አላሉኝም?»

«እንዳትፈሪ ብዬ እሱንም ዋሽቼሻለሁ።»

«የጠፋውኮ የእናቴ ነው እምዬ።»

«አውቃለሁ። ለኔም ልጄ ነበረች።»

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ስጠራት ትመጣለች። ሌሊት ስትገላበጥ እየሰማሁ፣ የጃንጥላውን ሽቦ አድርጌላት ቢሆን ኖሮስ እላለሁ። መልሼ ደግሞ ደም ይታየኛል።

በሦስተኛው ቀን የቀረውን ጉትቻና ጥቁር ክር ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። የክሩን አንድ ጫፍ ጉትቻው ላይ አሰረች፤ ሌላውን ጫፍ ከጆሮዋ በላይ ሹሩባዋ ውስጥ አስገብታ ቋጠረችው። ከጠጉሯ ጋር አንድ ሆኖ አይታይም።

«ማንጠልጠያው የእርስዎው ነው፣ አልነካሁትም። ይከፈት። ክሩ ይይዘዋል።»

ያን ሁሉ ዘመን ስፈራ እኔ ያላሰብሁትን እሷ በሁለት ቀን አሰበችው።

ለጥምቀት በአንድ ጆሮዋ ብቻ አድርጋ ልትወጣ ስትል ደጃፉ ላይ አቆምኋትና ጉትቻውን ሳብ አደረግሁት። ተከፈተ። ወድቆ መሬት አልደረሰም፤ ከሹሩባዋ ላይ ተንጠልጥሎ ተወዛወዘ። መልሳ ሰካችውና አየችኝ።

«አሁንስ አመኑኝ?»

«አምኜሻለሁ» አልኋት። «ብቻ ክሩን ድርብ አድርጊው።»