ወረቀት የማያሳልፍ እንጨት

መጋዙ የጠብመንጃውን ብረት መንከስ ሲጀምር ካየታን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የገዛ ጥርሱን የሚነቅሉለት ነበር የሚመስለው። ልጁ ጉንዲ ግን ሞርሳው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጫፍ ይዛ፣ ከረጅሙ ብረት ግማሽ ስንዝር ያህል ቆርጣ ጣለች።

“አለቀ፣ መዞር ትችላለህ” አለችው።

“ሞተ ወይስ ዳነ?”

“ገና ሊወለድ ነው፣ አባዬ።”

ካየታን ዕድሜውን ሙሉ ያደነው በዚያ ጠብመንጃ ነበር። እንጨቱ እስከ መሀል ብቻ ደርሶ የሚቀር፣ ከዚያ ወዲያ ብረቱ ራቁቱን የሚሄድ፣ የትም የሚገኝ ተራ መሣሪያ ነው። የሸለቆው የአደን ጠባቂና የጉንዲ የክርስትና አባት የሆነው ሴቬሪን ደግሞ ሽቱትዘን አለው፤ አጠር ያለ፣ እንጨቱ ከትከሻ ተነስቶ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ብረቱን አቅፎ የሚሄድ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቢራ ቤት ሲገናኙ ሴቬሪን አንድ ቀልድ ነበረችው። የካየታንን ጠብመንጃ ሱሪው ጉልበቱ ላይ የቀረበት ሰው ይለዋል። ቀልዷ አርጅታለች፤ ካየታን ግን በሰማት ቁጥር ጆሮው ይቀላል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከቀልድ አልፏል። የካየታን ጉልበቶች ክረምቱ ሲገባ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ነው፤ ሐኪሙም ከዚያ በኋላ ተራራ የሚባል ነገር እንዲረሳ ነግሮታል። የአዳኞቹ ማኅበር ይህን ሰምቶ አንዲት ያረጀች የገደል ፍየል እንዲያድን ፈቀደለት። እንግዲህ የመጨረሻ መውጣቱ ነው። በዚያ መውጣት ላይ ሱሪውን የጨረሰ ጠብመንጃ ይዞ መታየት ፈለገ። ጉንዲ ፌርላህ ከተማ ገብታ የሰደፍ ሥራ ተምራ የመጣች ናት። አዲስ እንጨት እንድታለብሰው ሲጠይቃት ደስታዋን መደበቅ አቅቷት መሮዎቿን ያን ቀን መሳል ጀመረች።

እንጨቱ ከጓሮ ነው የመጣው፤ በረዶ የሰበረው የዋልነት ዛፍ። ካየታን ራሱ ከገና በፊት፣ ጨረቃ ስትጎድል ጠብቆ ቆርጦ፣ ጎተራው ጣሪያ ሥር ለዓመታት አድርቆታል። በዚያ ሸለቆ በዚያች ጨረቃ የተቆረጠ እንጨት አያብጥም፣ አይጣመምም ይባላል። ካየታን ይህን የሚያምነው ጸሎተ ሃይማኖቱን በሚያምንበት ልብ ነው።

ጉንዲ ብረቱን ጥላሸት ትቀባና እንጨቱ ላይ በፈለፈለችለት ቦይ ውስጥ ታስተኛዋለች፤ ታነሣዋለች፤ እንጨቱ ላይ የጠቆረውን ትፍቃለች፤ እንደገና ታስተኛዋለች። አባትና ልጅ የተጣሉት ቦዩ ሲያልቅ ነው። እሷ የተማረችው በእንጨቱና በብረቱ መካከል የታጠፈ ወረቀት ከጫፍ እስከ ሥር መንሸራተት እንዳለበት ነው፤ እንጨት ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስም ብረቱን መግፋት የለበትም። ካየታን በዚህ ሳቀ። ጨረቃዋን ጠብቆ የቆረጠው እንጨት እንደማይተነፍስ፣ ያን ያህል ክፍተት ከተተወም ጉንዳን ጎጆ እንደሚሠራበት ነገራት። እሷም እውነቱን ለመናገር እንጨትና ብረት የሚገናኙባትን ያቺን ቀጭን መስመር አፍቅራት ነበር። ስለዚህ ተሸነፈች። ያልታጠፈ ስስ ወረቀት ብቻ፣ ያውም እየተጎተተ የሚያልፍበት አድርጋ ጨረሰችው። ውጪውን የተልባ ዘይት በመዳፏ እያሸች ደጋግማ ቀባች፤ ውስጡን ግን ከጥድፊያ የተነሣ አንዴ ብቻ አስነካችው።

በጠራራ ፀሐይ ኢላማ ላይ ሲሞክሩት ጥይቶቹ መዳፍ በሚሸፍናት ቦታ ተሰበሰቡ። ካየታን ጠብመንጃውን ሳመ፤ ቀጥሎ ልጁን ሳመ። ቅደም ተከተሉን ጉንዲ ልብ ብላዋለች።

ሽቅቡን ካየታን፣ ጉንዲና ሴቬሪን አብረው ወጡ። ካየታን ጉልበቱ እያቃሰተም ቢሆን ጠብመንጃውን ለማንም አላስነካም፤ ድሮም አያስነካም። ዕረፍት ላይ ድንጋይ አስደግፎ ትንሽ ራቅ ቢል እንኳ ዞር ዞር እያለ ያየዋል። ሴቬሪን ሙሽራ ይዘህ የመጣህ መሰለህ እንዴ ብሎ አሾፈበት። ከእኩለ ቀን በኋላ ዝናብ መጣ፤ የሚያባራ ዓይነት አልነበረም። የሚያድሩበት የአዳኞች ጎጆ ሲደርሱ ከባርኔጣቸው ውኃ ይወርድ ነበር።

ምድጃው ተያያዘ። ጉንዲ ጠብመንጃውን አድርቃ፣ ከልማድ የተነሣ በጢስ የደረቀው ሥጋ ከተጠቀለለበት ስስ ወረቀት ቀድዳ አፈሙዙ ጋ በክፍተቱ አስገባች። ወረቀቱ ጣት ያህል ሄዶ ቆመ። በሌላ በኩል ሞከረች፤ ቆመ።

“አባዬ፣ እንጨቱ አብጧል። ብረቱን በግራ በኩል እየገፋው ነው።”

“የጨረቃ እንጨት አያብጥም። ወረቀቱ ረጥቦ ነው።”

ሴቬሪን ከደረት ኪሱ ደረቅ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። እሱም ቆመ። ካየታን ጠብመንጃውን ነጥቆ ራሱ ሞከረ፤ ከዚያ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። ጥይቱ ወደ ቀኝ ሊሄድ ነው፤ ምን ያህል እንደሚሄድ ደግሞ ማንም አያውቅም። ተኩሶ እንዳይሞክር ፍየሎቹ ከጎጆው በላይ ገደሉ ላይ ናቸው፤ አንድ ጥይት ከጮኸ ሸንተረሩን ተሻግረው ይጠፋሉ። አቁስሎ ማስመለጥ ደግሞ በዚያ ሸለቆ ሰው ስሙን የሚያጣበት ነውር ነው።

“የኔን ትወስዳለህ” አለ ሴቬሪን። ሊስቅ እየፈለገ እንዳልሳቀ ያስታውቃል። “እኔ ጠባቂ ነኝ። በሚያጠራጥር መሣሪያ አላስተኩስህም።”

ካየታን የመጨረሻ ፍየሉን በሴቬሪን ጠብመንጃ መጣል ማለት ቀሪ ዕድሜውን ቢራ ቤት ውስጥ ምን ሲባል እንደሚኖር ማወቅ ማለት ነው። ከዚያ ባዶ እጁን ቢወርድ ይሻለዋል። ጉንዲ ይህን ፊቱ ላይ አነበበችው። ንዴት ያዛት፤ በዝናቡም፣ በጨረቃዋም፣ ከሁሉ በላይ ግን እያወቀች በተሸነፈችው በራሷ።

“ሳይመሽ ስጡኝ” አለች። “ጋሼ ሴቬሪን፣ ቢላዎ ላይ ካቻቢቴ አለ?”

ካቻቢቴ ነበረበት። መፋቂያ ግን አልነበረም። ጉንዲ ዓይኗን በጎጆው ውስጥ አዟዟረችና ሴቬሪን ለድሉ ብሎ ያመጣው የፕለም አረቄ ጠርሙስ ላይ አሳረፈችው። ጎጆው ውስጥ ከሱ በቀር የሚሰበር ብርጭቆ የለም።

“እሱንስ ተይው” አለ ሴቬሪን።

“ወይ ጠርሙሱ ይሰበራል፣ ወይ አረቄውን ያለ ድል ይጠጡታል። ይምረጡ።”

ካየታን ጎጆው ከገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። አረቄው ወደ ቡና ጀበናው ተገለበጠ፤ ሴቬሪን ጠብታ እንዳይፈስ እንደ ሕፃን ደግፎ ነበር የገለበጠው። ጠርሙሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተሰበረ። ጉንዲ ስለታሙን ስባሪ መርጣ፣ ቪቴዎቹን ፈታ፣ ብረቱን ከእንጨቱ አላቀቀች። ከምድጃው ጥላሸት ወስዳ ብረቱን ቀባች፤ አስተኛች፤ አነሣች። በግራ በኩል ረጅም ጥቁር ምልክት ታየ። እዚያው ፋቀች። ፍቅፋቂው ጭኗ ላይ እየረገፈ ደጋግማ ፋቀች። ያቺ ያፈቀረቻት መስመር እየሰፋች ሄደች፤ እሷም ምንም አልቆጫት። በመጨረሻ ሻማ አቅልጣ ቦዩን ከዳር እስከ ዳር አጠጣችው፤ ውኃ ዳግም እንዳይገባ። ብረቱን መልሳ ስታጠብቅ ገና የቀን ብርሃን ነበረ።

ካየታን ወረቀቱን አጠፈና አስገባው። ከአፈሙዙ እስከ ሥር ያለምንም ጉተታ ሄደ።

“አሁን ብረቱ ነጻ ነው፤ ወደ ቦታው ተመልሷል” አለችው።

“ትምይልኛለሽ?”

“አልምልም። እኔ ግን በሱ እተኩሳለሁ።”

ካየታን ወደ ሴቬሪን ዞሮ የራሱን ጠብመንጃ እንደሚይዝ ነገረው። ጠባቂው ወረቀቱን ተቀብሎ ደጋግሞ አንሸራተተው፤ በመጨረሻም ወረቀቱን መለሰለት፣ በእሺታ ራሱን ነቀነቀና ጀበናውን አነሣ።

በማግስቱ ሰማዩ ታጥቦ ወጣ። ድንክ ጥዶቹ መሀል ሲሳቡ ረጅሙ ጠብመንጃ ቢሆን ኖሮ በየቅርንጫፉ ይያዝ ነበር፤ አጭሩ ግን ሹልክ ሹልክ እያለ አለፈ፤ ካየታንም ከጉልበቱ ሕመም ጋር እየታገለ ፈገግ ሲል ጉንዲ አየችው። ፍየሏ ብቻዋን ጠርዙ ላይ ቆማ ነበር፤ ቀንዷ የተላጠ አሮጊት። ሴቬሪን አጉሊ መነጽሩን ለጉንዲ ሰጣት። የአባቷ እስትንፋስ ሲረዝም፣ ከዚያ ቀጥ ሲል ሰማች። የሷም ቀጥ አለ።

ተኩሱ ገደሉን ነቀነቀው። ፍየሏ ግን ቆማለች። ጉንዲ መነጽሩን በሁለት እጇ ጨመቀች፤ ምድር ብትውጣት በወደደች። ፍየሏ ትንሽ ተራመደች፣ ሊያንቀላፋ እንደፈለገ ሰው አንገቷን ዝቅ አደረገች፣ ወደቀች።

“ልቧን” አለ ሴቬሪን በለሆሳስ።

ጉንዲ እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። ደስታዋ እንዲህ ነበር፣ ጩኺ ጩኺ የሚል።

ፍየሏ ጋ ሲደርሱ ሴቬሪን ባርኔጣውን አውልቆ ከጥዱ አንድ ትንሽ ዝንጣፊ የመጨረሻ ጉርሻዋ እንዲሆን በአፏ አኖረ። ሌላ ዝንጣፊ ደሟን አስነክቶ፣ ባርኔጣው ላይ አድርጎ ለካየታን አቀረበ፤ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ካየታን ዝንጣፊውን ለሁለት ሰበረ። በአዳኞቹ ልማድ ግማሹ የቆሰለን አውሬ ላገኘ ውሻ ባለቤት የሚሰጥ ነው፤ እዚያ ውሻ አልነበረም። ያንኑ ግማሽ በጉንዲ ባርኔጣ ላይ ሰካው።

“እንግዲህ ጨረቃዋስ?” አለ ሴቬሪን።

“ጨረቃዋ ምን አጠፋች። ዝናቡ ነው ያልሰማው።”

ከዚያ ካየታን የትናንቱን ወረቀት ከኪሱ አወጣ፤ በክፍተቱ አስገብቶ እስከ ሥር ሰደደው። የቀረውን ጥይት አውጥቶ መሣሪያውን ባዶ አደረገና ማሰሪያውን በጉንዲ ትከሻ ላይ አንጠለጠለው። ጉንዲ ለአፍታ ያስያዛት መስሏት ልትመልስለት እጇን ዘረጋች፤ እሱ ግን ዱላውን አንሥቶ ነበር።

ሴቬሪን ፍየሏን ተሸክሞ ተከተለ። ቁልቁለቱን ሽማግሌው ከፊት ወረደ፣ በቀስታ፣ ጉልበቱን እያስታመመ። ጎጆው እስኪደርሱ ድረስ አንድ ጊዜም ዞሮ ጠብመንጃውን አላየም።