ሳይተረጎም የቀረው

እማዋይሽ ደረጃውን ወጥታ ሳትጨርስ የኢላን ድምፅ ከላይ ተቀበላት።

«መርፌው ውሸት ነው! አባቴም ተወግቷል፣ እናቴም ተወግታለች። ታዲያ ምን ጠቀማት?»

በሩ እንደ ማንኛውም የልቅሶ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እማዋይሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና ግድግዳው ሥር ካለች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እማማ ቦጋለች ከተቀበሩ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሠፈር ባለችው ጠባብ ቤታቸው ሠላሳ የሚሆን ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል። አንዳንዱ ያስላል። መስኮቱ ለብርዱ ተብሎ ተዘግቷል። ባላቸው አባባ በለጠ ፍራሽ ላይ ሆነው የሚመጣውን ሁሉ አንገቱን አቅፈው እየሳሙ ያለቅሳሉ።

«ተው ልጄ» አሉት ልጃቸውን። «ቀኗ ደርሶ ነው።»

«ቀኗ አልደረሰም። የኩፓት ሆሊም ክሊኒኩ አታሎን ነው» አለ ኢላን። «ራቪትም ለመጪው እሑድ የመርፌ ተራ ነበራት። ዛሬ ጠዋት ደውዬ ሰርዤዋለሁ።»

ሚስቱ ራቪት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች።

«ደግ አደረግህ» አለ ጎረቤታቸው ታየ። «እኔስ መቼ አመንኳቸው? ደማችንን ስንለግሳቸው የሐበሻ ደም ነው ብለው የደፉ ሰዎች፣ ምን እንደሚወጉን በምን እናውቃለን?»

ብዙ ሰው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ ዓይኑ ሁሉ ወደ እማዋይሽ ዞረ። እሷ ነበረች ለመርፌው የጠራቻቸው።

እማዋይሽ በሠፈሩ ክሊኒክ አስተርጓሚ ናት። ሐኪሞቹ በዕብራይስጥ የሚሉትን ለሽማግሌዎቹ በአማርኛ፣ ሽማግሌዎቹ የሚሉትን ለሐኪሞቹ በዕብራይስጥ ታቀብላለች። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሐኪም የማያምን ሰው እንኳ እሷን ያምናል።

በፈረንጆቹ 2009 የሙቀት ወራት፣ ሬዲዮው ስለ አሳማ ጉንፋን ማውራት ሲጀምር ሽማግሌዎቹ ስቀው ነበር። «እኛ አሳማ አንበላ፤ በየት በኩል ያገኘናል?» አሉ። በሽታው በትንፋሽና በእጅ እንጂ በሥጋ እንደማይመጣ ቤት ለቤት ዞራ ያስረዳችው እማዋይሽ ናት። ሁለት ወር ሙሉ ለፋች። በመጨረሻ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ጉንጭ ለጉንጭ ካልተሳሳመ ሰላም ያለ የማይመስለው ሰው፣ ራቅ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ መንሳት ለመደ። እማማ ቦጋለችማ ከሁሉም ይብሱ ነበር። አስም ስለነበረባቸው ይሁን ወይም የተባሉትን አክባሪ ስለነበሩ፣ የልጅ ልጆቻቸውን እንኳ እጃቸውን ሳይታጠቡ አያስጠጉም ነበር።

ከዚያ መርፌው መጣ። ኅዳር መጨረሻ ላይ የሠፈሩ ሽማግሌዎች በክበባቸው አዳራሽ ተሰበሰቡ። ዶክተር ኦስናት ትናገራለች፣ እማዋይሽ ትተረጉማለች።

«መርፌው መቶ በመቶ አይከላከልም» አለች ዶክተሯ። እማዋይሽ ቃል በቃል ተረጎመችው።

ያኔ ነው ታየ ከመቀመጫው የተነሣው። «ካልተከላከለ ለምን እንወጋለን?» ብሎ ወደ በሩ አመራ። ሰዎች ይከተሉት ጀመር። ዶክተሯ ይህን ሳታስተውል ንግግሯን ቀጠለች። መርፌው እስኪሠራ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈጃል አለች። እስከዚያም ሆነ ከዚያ በኋላ መሳሳሙን እንዲተዉ፣ እጅ መታጠቡን እንዳያቋርጡ፣ ያመመው ሰው ከሰርግም ከልቅሶም እንዲቀር ለመነች። መርፌ ብቻውን ወረርሽኝ አያቆምም፤ ይህ የለመዳችሁት ጥንቃቄ አብሮት መቆየት አለበት አለች።

እማዋይሽ የሚወጡትን ሰዎች ጀርባ አየች። አሁን ደግሞ «ከተወጋችሁም በኋላ መሳሳም የለም» ብትላቸው አዳራሹ ባዶ ይቀራል። ያን ሁሉ ወር የለፋችው ለዚህ ቀን ነው።

«ዶክተሯ የምትለው» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ዛሬ የተወጋ ሰው ከሥጋት ይገላገላል። ከእንግዲህ እንደ ድሯችን እንሳሳማለን!»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። ከታየ በቀር የወጡት ሁሉ ተመለሱ።

«ሁሉንም ነገርሻቸው?» ስትል ዶክተሯ በዕብራይስጥ ጠየቀቻት።

«ሃኮል» አለች እማዋይሽ። ሁሉንም ማለቷ ነው።

አርባ ሦስት ሰው ተወጋ። ዶክተሯ ከደስታዋ ብዛት አቀፈቻት።

በስድስተኛው ቀን የአባባ በለጠ የወንድም ልጅ ሰርግ ሆነ። ዘመድ ከየከተማው መጥቶ ተቃቀፈ፣ ተሳሳመ፣ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥሞ ጨፈረ። ከሰርጉ በኋላ በአራተኛው ቀን አባባ በለጠ ተኮሳቸው። ቀጥሎ እማማ ቦጋለች ታመው ተኙ። አባባ በለጠ ዳኑ፤ እማማ ቦጋለች ሆስፒታል ውስጥ አሥራ ሁለት ቀን በመሣሪያ ሲተነፍሱ ቆይተው አረፉ።

«እማዋይሽ» አሉ አባባ በለጠ አሁን፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «አንቺ ከእነሱ ጋር ትውያለሽ። እውነት አታለሉን?»

እንደ ሌላው ሰው «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ብላ አንገቷን ብትደፋ ማንም አይጠይቃትም ነበር። የሚከሰሰው መርፌው ነው፤ መርፌ ደግሞ አፍ የለውም። ቀና ስትል ዓይኗ ራቪት ላይ አረፈ።

«አላታለሉንም አባባ» አለች። «ዶክተሯ ተናግራ ነበር። መርፌው እስኪሠራ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈጃል ብላለች። ከተወጋን በኋላም እንዳንሳሳም፣ እንዳንተቃቀፍ ብላለች። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ሰዉ እየወጣ ነበር… መርፌው እንዳያመልጣችሁ ብዬ ነው።»

«ማ?» አለ ኢላን በዕብራይስጥ። ከዚያ በአማርኛ ደገመው። «ምን አልሽ?» ሊነሣ ሲል አባቱ ክንዱን ያዙት።

አባባ በለጠ አልጮሁም። 

«የሰርጉ ዕለት» አሉ ወለሉን እያዩ፣ «ቦጋለች ሰው አልስምም ብላኝ ነበር። ከተወጋን ገና ሳምንትም አልሞላን፣ ምን ያስቸኩለናል፣ ትንሽ እንታገሥ አለችኝ። እኔ ነኝ የተቆጣኋት። ዘመድ ታዘበን አልኳት። እማዋይሽ ብላለች እኮ፣ አልኳት።»

 ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ውጪልን» አለ ኢላን። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ማንም አልገላገላትም። እማዋይሽ ተነሥታ ስትወጣ ሴቶቹ ቀሚሷ እንዳይነካቸው ያህል እግራቸውን ሰበሰቡ።

ደረጃው ላይ ራቪት ደረሰችባት። ትንፋሽ አጥሯታል።

«እኔስ?» አለቻት። «ልወጋ?»

«ተወጊ። ነገ ደውለሽ ተራሽን መልሺ። ግን ተወጋሁ ብለሽ እንዲህ ያለ ሰው የታጨቀበት ቤት አትቀመጪ። ሰው አትሳሚ፤ ቢቀየሙሽም አትሳሚ።»

«እስከ መቼ?»

«ዶክተሯ ቀን አልቆረጠችም» አለች እማዋይሽ። «ደግሞ እኔን አትመኚ። አንቺ ዕብራይስጥ ታውቂያለሽ፤ ሄደሽ ከራሷ አፍ ስሚው።»

ራቪት ወደ ላይ ተመለሰች። ወደ ቤት ግን አልገባችም፤ በሩ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

እማዋይሽ ውጭ ስትወጣ አውቶቡሱ ፌርማታው ላይ ቆሟል። ብትሮጥ ትደርስበታለች። ክሊኒኩ ለዛሬ ተዘግቷል፤ ለዶክተር ኦስናት ነገ ጠዋት መንገር አለባት፤ ከዚያ በኋላ ሥራዋ ይኑር አይኑር አታውቅም። አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ሄደ። እሷ በአእምሮዋ አዳራሹን አሰበች፤ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ከአርባ ሦስቱ ማን የት እንደሚኖር። ከፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ምድር ቤት የእማማ የሻሽወርቅ ነው። ሄዳ አንኳኳች።

«እንዴ፣ እማዋይሽ! ግቢ እንጂ የኔ ልጅ!» እማማ የሻሽወርቅ ሊስሟት ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

እማዋይሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። በዕድሜዋ እጁን የዘረጋላትን ሽማግሌ ሸሽታ አታውቅም። የአሮጊቷ እጆች አየር ላይ ቀሩ።

«አልገባም እማማ» አለች። «እዚሁ ደጃፉ ላይ ልንገርዎ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የዋሸሁዎት ነገር አለ።»