የኮች ጉናዳሳ መርዶ

ዓለምነሽ ውሸት አትወድም፤ ውሸት ግን እሷን ይወዳታል። ቸርች ውስጥ ቆማ ስለ እውነት ስትመሰክር አፏ ማር ነው። በር ላይ ደግሞ እህት ውድነሽ «ቀነስኩ እንዴ?» ብላ ከጠየቀቻት «ነፋስ እንዳይወስድሽ ብቻ» ትላለች። ለክፋት አይደለም፣ ሰው እንዳይከፋው ነው። ኮች ጉናዳሳ ከሞቱ በኋላ የገባችበት ጣጣም የመጣው ከዚሁ ጠባይዋ ነው።

ኮች ጉናዳሳ የስሪላንካ ሰው ነበሩ። ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ባለው አፓርትመንት፣ ከዓለምነሽ ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርተው ሰባት ዓመት ኖረዋል። ወደ አሜሪካ ያመጣቸው ልጃቸው በመኪና አደጋ ሲሞት ብቻቸውን ቀሩ። የዓለምነሽ ሥራ አዛውንት መንከባከብ ነውና የቀጠራት ኤጀንሲ እሳቸውን ሰጣት፤ ከአልጋዋ እስከ ሥራ ቦታዋ ሃያ እርምጃ ሆነ። ከታች ያሉት ኤርትራዊው ጋሽ እድሪስ፣ አማርኛቸውን አሥመራ ትምህርት ቤት ተምረው ሠላሳ ዓመት እዚህ ታክሲ የነዱት፣ ጠዋት ባገኟት ቁጥር «ትራፊኩ እንዴት ነበር?» ይሏታል።

ሰውየው የክሪኬት አሠልጣኝ ነበሩ። ክሪኬት ምን እንደሆነ ዓለምነሽ ሰባት ዓመት ተነግሯት አልገባትም። ነጭ የለበሱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ውለው፣ መሀል ላይ ሻይ ጠጥተው፣ ማንም ሳያሸንፍ ወደየቤታቸው የሚገቡበት ጨዋታ ነው ብላ ደምድማ ተወችው። ኮች ግን በአገራቸው ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ልጆች አሠልጥነዋል፤ አራቱ ለብሔራዊ ቡድን ደርሰዋል። የአገሪቱ መንግሥት ለክሪኬት ተጫዋቾችና አሠልጣኞች የክብር ሽልማት በሚሰጥበት ሰሞን፣ የስም ዝርዝሩን በስልካቸው ከላይ እስከ ታች ያነቡታል። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «ዘንድሮም አልደረሱብኝም» ይላሉ፤ ልክ እነሱ እየሮጡ የሚያባርሯቸው ይመስል። ይህንን ካሉ በኋላ ቀይዋን የቆዳ ኳስ አንሥተው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ከግድግዳው ጋር ይጫወታሉ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ሦስቴ፣ ከዚያ ዕረፍት። ጠዋት ጠዋት ዓለምነሽን የሚቀሰቅሳት እሱ ነበር።

መስከረም ላይ በእንቅልፋቸው ሄዱ። የመጨረሻ ነገራቸውን ራሳቸው ቀደም ብለው ጨርሰውት ነበር፤ መቃጠል ነው የፈለጉት። ኳሷን ዓለምነሽ በእጃቸው አስይዛ ሸኘቻቸው። አመዳቸው በትንሽ ሣጥን ሆኖ ተመለሰ፤ ለእህታቸው እስክትልከው ድረስ ተረካቢዋ እሷ ናት ተብሎ ተጽፏል። የኛ ሰው አመድ በቤቱ አስቀምጦ አያውቅም። የልብስ ክሎዜት ውስጥ ሻንጣ ላይ አኖረችው፤ ሽማግሌ ሻንጣ ላይ ማስቀመጥ ነውር መሰላትና አልጋዋ አጠገብ አመጣችው፤ እዚያ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ አላት፤ ይቅርታ ጠይቃ ክሎዜት መለሰችው።

የቀሩት ዘመድ እህታቸው ወይዘሮ ኩሱማ ብቻ ናቸው። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ መምህርት ሲሆኑ እዚያው አገራቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። እሑድ እሑድ እዚያ ሲመሽ፣ እዚህ ዓለምነሽ ለቸርች ስትለባብስ፣ ይደውላሉ። የኮች ስልክ ዓለምነሽ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ በመጀመሪያው እሑድ ጮኸና አነሣችው። ወይዘሮዋ ወንድሜስ አሉ።

«ተኝተዋል» አለች።

አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጇ ሊዲ ጥርሷን እየቦረሸች ሰማቻት። «ማም፣ ሒ ኢዝ ዴድ። ጀስት ቴል ኸር» አለች።

እዚህ ለተወለደ ልጅ ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ ሽማግሌ ይፈልጋል፣ ጎረቤት ይፈልጋል፤ ባለቤቱ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ገና ሲነጋጋ፣ ቢወድቅ የሚይዘው ሰው ባጠገቡ ቆሞ ነው። ዓለምነሽ የእናቷን ሞት ያወቀችው በፊፍቲን ቁጥር አውቶቡስ ላይ ቆማ ፌስቡክ ስትከፍት፣ አንድ የማታውቀው ሰው ከእናቷ ፎቶ ሥር «ነፍስ ይማር» ብሎ መጻፉን ስላየች ነው። የአውቶቡሱን ብረት እንደያዘች ሦስት ፌርማታ አለፋት። ያንን ለጠላቷም አትመኝም። እናም ሄዶ የወይዘሮ ኩሱማን በር የሚያንኳኳ ያገራቸውን ሰው እስክታገኝ ድረስ «ተኝተዋል» ትላለች እንጂ ምን ትላለች።

በሁለተኛው እሑድም ያንኑ አለች። ወይዘሮ ኩሱማ ሣቁ።

«ልትሸፋፍኚለት ነው? አልተኛም። ኳሱ ይሰማኛል እኮ።»

ከሞቱ ወዲህ ዓለምነሽም ይሰማት ነበር።

መጀመሪያ የሰማች ቀን ልማድ ነው፣ ጆሮም ይናፍቃል ብላ አለፈችው። በሁለተኛው ቀን ባዶው ቤት ሰው ገብቶበት ይሆናል ብላ የሕንፃውን ማኔጀር ኣፍሮምን ጠየቀችው፤ አልተከራየም፣ ምንጣፉ ተነሥቶ፣ ቀለም ተቀብቶ ተቆልፏል አላት። በሦስተኛው ቀን በኢየሱስ ስም እያለች ግድግዳውን ዘይት ቀባች፤ ወዙ ብቻ ቀረ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፤ ዕረፍት። ለሊዲም ለቄሱም—ይቅርታ፣ ለፓስተሩም—ትንፍሽ አላለችም፤ ጥፋቱን በጆሮዋ ላይ ጥላ ተቀምጣ ነበር። አሁን ግን ከባሕር ማዶ ሌላ ጆሮ መሰከረባት። ስልኩን ቀስ ብላ ከግድግዳው አራቀችና «አዎ፣ አሁን ነው የነቁት መሰለኝ» አለች። ካሁን በኋላ ሞተዋል የምትልበት አፍ ከየት ይመጣል።

በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ፣ ሎውሪ ሰፈር ውስጥ አዲሷ ታካሚዋ ደጃፍ መኪናዋን ፓርክ እያደረገች ሳለ የኮች ስልክ ጮኸ። ከስሪላንካ ስፖርት ሚኒስቴር ነኝ አለ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው። ኮች ጉናዳሳ ለዘንድሮው የክብር ሽልማት ተመርጠዋል። ዓለምነሽ ግንባሯን መሪው ላይ አሳረፈች። ሰውየው ቀጠለ፤ ሁለት ዝርዝር አለን፣ አንዱ በሕይወት ላሉ፣ ሌላው ለመታሰቢያ፤ ኮች መጥተው መቀበል ይችላሉ ወይ?

እውነቱን ብትነግረው ዞሮ የሚደውለው ለወይዘሮ ኩሱማ ነው። የቢሮ ሰው፣ በቢሮ ሰዓት፣ አሮጊቷ ምናልባት ገበያ መሀል ዘንቢል አንጠልጥለው ሳሉ።

«በጣም ደክመዋል» አለች።

ሰውየው አዘነ። እንግዲያውስ ባሉበት ሆነው በቪዲዮ ይገኛሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ምሽት እህታቸው አዳራሽ ተቀምጠው በትልቁ ስክሪን ያዩዋቸዋል፤ እንኳን ደስ ያለዎት በሉልን ብሎ ዘጋ። ኮች ሃያ ዓመት የጠበቁት ስም ዝርዝር ላይ፣ ከሞቱ በኋላ፣ በሕያዋን ተርታ ገቡ።

ስምንት ቀን ያገራቸውን ሰው ፈለገች። አንድ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ አገኘች፤ ከሌላ አውራጃ ነኝ፣ ዘመድም የለኝም እዚያ ብሎ አሰናበታት። በመካከሉ ያለው እሑድ ሲደርስ ስልኩን አላነሣችውም፤ እስኪበቃው ጮኸ፤ ሲያቆም ግድግዳው ቀጠለ። ሐሙስ ጠዋት ወደ ጋሽ እድሪስ ወርዳ ሁሉንም ተናገረች፣ የኳሱንም።

«በቪዲዮ ልታቀርቢያቸው ነዋ» አሉ ጋሽ እድሪስ። «ሣጥኑን ከረባት አስረሽለት?»

«ጋሽ እድሪስ፣ አያሹፉብኝ።»

«አላሾፍኩም። አንቺ ሰው ካልተላከ እያልሽ ነው የጠፋሽው። ሰው መላክ ካቃተን ለቅሶውን እንላካ።» ሰዓቱን በጣታቸው ቆጠሩ። ለእኛ ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ሲሆን ለወይዘሮዋ ገና አሥራ አንድ ተኩል ነው፣ የዓርብ ንጋት፤ ከቤት አይወጡም። ሽማግሌ ከተባለ እሳቸው አሉ። ለቅሶ ተቀማጭ ደግሞ በዚህ ሕንፃ መቼ ጠፍቶ ያውቃል።

እንደተባለው በአሥራ ሁለት ሰዓት የዓለምነሽ ሳሎን ሞላ። እህት ውድነሽና ሁለት የጸሎት ጓደኞቿ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ፤ ኣፍሮም የሥራ ቁልፎቹን እንዳይንሿሿ በእጁ ጨብጦ መጣ፤ ሊዲም ማንም ሳይነግራት ጥቁር ሹራብ ለብሳ ወጣች። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁመው ደወሉ።

ወይዘሮ ኩሱማ ፀጉራቸውን እንኳ አልሠሩም። ከኋላቸው ለምሽቱ የተተኮሰ ሳሪ ተሰቅሏል። ወንድማቸውን ሲጠብቁ ሰባት የማያውቋቸው ሰዎች፣ ሁሉም ጥቁርና ነጭ የለበሱ፣ ሁሉም ዝም ያሉ፣ ስልኩ ውስጥ አዩ።

ጋሽ እድሪስ ጎንበስ ብለው፣ «እህቴ፣ የቅርብ ጎረቤት ካለዎት ይጥሩልን» አሉ በታክሲ እንግሊዝኛቸው።

አሮጊቷ ጎረቤት አልጠሩም። ፊቶቹን አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩ።

«መቼ?»

«ወር ሆናቸው» አለች ዓለምነሽ።

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ወይዘሮ ኩሱማ እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ሠላሳ ልጅ ዝም ያሰኘ እጅ ነው፣ ሳሎኑ ጸጥ አለ። እንባ ዓይናቸው ላይ የለም።

ሰባተኛው ቀን አለፈ ማለት ነው አሉ። በእነሱ ሥርዓት ሰው በሞተ በሰባተኛው ቀን መነኮሳት ይጠራሉ፣ በስሙ ይበላሉ፣ ሟቹም መሞቱን ዐውቆ መንገዱን ይይዛል። ያንን ለወንድማቸው የሚያደርጉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ያን ቀን ተኝቷል ተብለው ነበር።

«እርስዎ እንዳይጎዱ ብዬ ነው» አለች ዓለምነሽ። «ብቻዎን እንዳይሰሙ ብዬ።»

«እኔን አልጎዳሽኝም። እሱን ነው በር ላይ ያቆምሽው።»

ዓለምነሽ ነፍስ በር ላይ ትቆማለች ብላ አታምንም፤ ቸርቿም አያምንም። ግን ኳሱን ሰምታለች።

ወይዘሮ ኩሱማ ለምሽቱ አዳራሽ እንደሚሄዱና የወንድማቸውን ስም ከሕያዋን ዝርዝር አስወጥተው በመታሰቢያው ላይ እንደሚያስጽፉ ተናገሩ። መነኮሳቱንም ነገ ይጠራሉ፤ ዘግይቶም ቢሆን። ከዚያ ወደ ስልኩ ቀረቡ፤ ፊታቸው ስክሪኑን ሞላው።

«ለእኔ ይህን ሁሉ ሰው ሰብስበሽ ነገርሽኝ። ለእሱስ ማን ነገረው?»

ስልኩ ተዘጋ። ሁሉም ዓለምነሽን አዩ፣ ከዚያ ኣፍሮምን። ኣፍሮም ምንም ሳይጠየቅ ከጨበጣቸው ቁልፎች አንዱን ለየ።

የኮች ቤት ቀለም ቀለም ይሸታል። መስኮቱ ላይ የቀረ ትንሽ ብርሃን አለ። በነጩ ግድግዳ ላይ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እጅ በሚደርስበት ቁመት፣ የሳንቲም ያህል ቀይ ምልክት ይታያል። ኣፍሮም ሁለቴ ቀብቼዋለሁ አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

«ደስታውን አስቀድሚላቸው» አሉ ጋሽ እድሪስ በሹክሹክታ።

አሰበችበት። ሽልማቱን ቀድማ ብትነግራቸው ከረባት ፍለጋ ይነሣሉ። ሃያ ዓመት የጠበቀን ሰው አስነሥቶ ከዚያ ሞተዋል ማለት ይብሳል። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ኮች» አለች፤ እንግሊዝኛው ጠፍቶባት በአማርኛ። «ዓለምነሽ ነኝ። መስከረም ላይ ዐርፈዋል። እኔ ነኝ የደበቅሁት፤ ይቅር ይበሉኝ። ሽልማቱም ደርሶዎታል። ዘንድሮ ደርሰውብዎታል።»

ሊዲ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አዘንብላ ቀረች።

መርዶ ነጋሪ ተናግሮ ውልቅ አይልም፤ ባለቤቱ እስኪረጋ አብሮት ይቀመጣል። ዓለምነሽ ባዶው ወለል ላይ ቁጭ አለች። ጋሽ እድሪስ ጉልበታቸውን እየረገሙ አጠገቧ ዝቅ አሉ፤ ሴቶቹም ግድግዳውን ይዘው ተደረደሩ፤ ኣፍሮም በሩን ገርበብ አድርጎ ተቀመጠ።