ጓደኛህ ወስዶታል

አጥኚዋ ትንሿን መቅረጸ ድምፅ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ሽማግሌው ካሴት ቀጂ እጆቹን ጭኖቹ ሥር ሸጎጣቸው። 

«አንድ ገጽ ብቻ ነው የቀረኝ፣ አባባ» አለች። «መጽሐፉ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። ሳላረጋግጥ አልሰጥም ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም የማያስታውሳቸውን ባንዶች ስታሳድድ የከረመች ልጅ ናት። ስለ ዝነኞቹ የሚጽፍ ሞልቷል፤ እሷ የምትፈልገው አንድ ካሴት እንኳ ሳያወጡ እንደ ወጡ የቀሩትን ነው። የቀጂው ልጅ ከባንኮኒው ጀርባ የስልክ መስታወት እየቀየረች ጆሮዋን ጣል አድርጋለች። ድሮ የአባቷ ካሴት ቤት በነበረው ሱቅ ዛሬ እሷ ስልክ ትጠግንበታለች። አባቴ መጽሐፍ ላይ ሊወጣ ነው ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

አጥኚዋ አነበበች። «ባንዱ ብቸኛ አልበሙን ቀርጾ ዋናውን ካሴት ለማባዛት ወደዚህ ሱቅ አመጣ። በሳምንቱ ሲፈለግ ካሴቱ ታጣ። የወሰደው ጊታሪስቱ ነበር። ድምፃዊው እስኪሞት ድረስ ይቅር አላለውም።» ቀና አለች። «ጊታሪስቱ መጥተው ሲወስዱ ያዩት እርስዎ ነዎት ይባላል። ልክ ነው?»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ይህን ጥያቄ ሲሸሽ ሠላሳ ዓመት ኖሮ፣ ቤቱ ድረስ መጣለት።

ያኔ ሠርግ የበዛበት ቅዳሜ ነበር። ከካሴት ጀርባ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ከተሰበረች ማሽኑ እላዩ ላይ አልቀዳም ይላል፤ የዋና ካሴት ፕላስቲክ የሚሰበረውም ለዚህ ነው። ባዶ ካሴት ሲጠፋ ግን ቀጂዎቹ የተጣለ አሮጌ ካሴት ያነሡና ቀዳዳውን በፕላስተር ደፍነው ማሽኑን ያታልሉታል። ዋናው በቀኝ፣ የሚደፈነው በግራ ይደረደራል። በዚያ ግርግር መሃል የባንዱን ካሴት በግራ እጁ ተቀብሎ በግራ አስቀመጠው። ማታ ሳይደርስ ቀዳዳውን ደፍኖ የሠርግ ዘፈን ሞላበት። ስህተቱን ያወቀው ዘፈኑ አልቆ ካሴቱ ጫፍ ላይ ሳይደመሰስ የተረፈ ግማሽ ደቂቃ የባንዱ ጊታር ሲሰማ ነው።

ድምፃዊው ግዙፍ፣ ቁጡ ሰው ነበር። ካሴቴን ብሎ ሲመጣ ቀጂው ሱቁን በላዬ ላይ ያፈርስብኛል ብሎ ፈራ። «ጓደኛህ ወስዶታል» አለው። የልብ ጓደኛሞች ናቸው፣ ሲገናኙ ይጠያየቁና ይስቁበታል ብሎ ነበር። የሳቀ የለም።

«አባባ?» አለች አጥኚዋ።

«ጊታሪስቱን አግኝተሽዋል?»

«አግኝቻቸዋለሁ። የመጋዘን ዘበኛ ናቸው። ሌባ ከተባሉ ወዲህ የሚቀበላቸው ባንድ አላገኙም።»

«ምን አለሽ?»

«አልወሰድኩም አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። መቼም ሰርቄያለሁ የሚል ሌባ የለም።»

ልጁ ከባንኮኒው ጀርባ ሳቀች። «አባዬ፣ ንገራት እንጂ። አንተ እኮ የማን ዘፈን ስንት ደቂቃ ላይ እንደሚያልቅ እንኳ አትረሳም።»

ማለት ያለበት «አዎ» ብቻ ነው። ድምፃዊው ሞቷል፤ ጊታሪስቱም ሌባ መባሉን ለምዶታል። እስር አልፈራም፤ በዚህ ዕድሜው ማን ያስረዋል? የፈራው የልጁን ፊት ነው። «የሰው ዕቃ አደራ ነው፤ ከሰበርሽው ሰበርኩት በይ» ብሎ ሥራ ያስተማራት እሱ ነው።

«ልክ አይደለም» አለ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም፤ ደገመው። «ልክ አይደለም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ማን ወሰደው?»

«ቁጥሩ አለሽ? የጊታሪስቱ?»

«አለኝ።»

«ደውይለት። ከሁላችሁ በፊት እሱ ይስማ።»

«አባዬ፣ ምንድን ነው?» ልጁ ካቻቢቴውን አስቀመጠች። ዞሮ አላያትም፤ ካያት ልቡ እንደሚከዳው ያውቃል።

ስልኩ ጠራ። በጠራ ቁጥር ባያነሣው ብሎ ተመኘ። አራተኛው ላይ የሻከረ ድምፅ ወጣ።

«ሃሎ? ማን ልበል?»

አጥኚዋ ስልኩን ወደ ቀጂው ገፋ አደረገችለት። አሁንም ተሳስተን ነው ብሎ መዝጋት ይቻላል።

«ካሴት ቀጂው ነኝ» አለ።

ስልኩ አልተዘጋም። ከወዲያ የጭነት መኪና ሲያልፍ ይሰማል።

«ካሴታችሁን ማንም አልወሰደውም» አለ ቀጂው። «የደመሰስኩት እኔ ነኝ። አንተ ወሰድከው ያልኩትም እኔ ነኝ። ልጄ አጠገቤ ሆና እየሰማችኝ ነው።»