ከጣቷ የዘገየው ምስል

መኪናዋ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ለአራተኛ ጊዜ ከግድግዳው ጋር ተላተመች። ሚስትየው ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አሳርፋ የኮምፒውተሩን ስክሪን ትኩር ብላ አየችው።

"ምስሉ ይዘገያል" አለች።

"ምኑ ነው የሚዘገየው? እንደ ውሃ እየፈሰሰ" አለ ባልየው፣ ከኋላዋ ቆሞ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ። "ካሜራ ፈርተሽ ነው። ስንት ሙሽራ አይቻለሁ መሰለሽ፣ ስትስቅ አርፍዳ ልክ መቅረጽ ሲጀመር ፊቷ ክው የሚል።"

"እኔ ሙሽራ ነኝ?"

"ለእኔማ ነሽ።"

አልሳቀችም። ለወትሮው እንዲህ ባለ ወሬ ትስቅለት ነበር። ዛሬ ግን ረቡዕ ነው፤ ያላት ጊዜ እስከ ዓርብ ብቻ ነው።

ነገሩ የጀመረው ልጃቸው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ የጌም ማጫወቻውን ትቶ ሲሄድ ነው። እሷም በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጣች። ሃያ ስድስት ዓመት ታይፒስት ነበረች፤ ሌላው የሚፈርምበትን ደብዳቤ ስትመታ ኖራ ኖራ ቤት ስትውል ጣቶቿ ሥራ ፈቱ። አንድ ቀን አቧራ ስትጠርግ ማጫወቻውን ነካ አደረገችው፤ ነካ እንዳደረገችው ቀረች። ከልጁ ጌሞች ሁሉ የወደደችው አንዱን ነው፤ ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ፣ አንዲት መኪና፣ ከላይ ጥግ ላይ የሚሮጥ ሰዓት። ባልየው ጠዋት ሲወጣ እየነዳች ይተዋታል፣ ሲመለስ እየነዳች ያገኛታል። "የእኔዋ ሹፌር ሆናለች፣ ግን የትም አታደርሰኝም" እያለ ለጓደኞቹ ያወራል። ቁጭ ብሎ ስትነዳ ግን አንድም ቀን አይቷት አያውቅም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ያንን መንገድ በሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ ጨረሰችው። ኢንተርኔት ላይ የዚህን ጌም ፈጣን ሰዓቶች በስም በስም የሚመዘግቡ ሰዎች አሉ፤ ዝርዝሩን ስታየው የእሷ ሰዓት ሰባተኛ ያደርጋታል። በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችላቸው። መልስ መጣ፦ ፎቶ አይበቃም፤ ጨዋታው ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ፣ በሰከንድ ስልሳ ፍሬም፣ ማለትም ስልሳ ነጠላ ምስል፣ ተቀርጾ ይላክ፤ የተጫዋቹም እጅ በሌላ ካሜራ ይታይ፤ እስከ ዓርብ ካልደረሰ ይሰረዛል። አንዱ ነገረኛ ደግሞ ከሥሩ ጨመረበት፦ "የነዳው ልጅሽ ነው፤ አንቺ ፎቶውን ብቻ ነው ያነሳሽው።"

ይቺን ቃል ደጋግማ አነበበቻት።

"ዕድሜ ልኬን የመታሁት ሁሉ የሌላ ሰው ስም ወጥቶበታል" አለችው ለባሏ። "ይሄን ግን ለልጄም ቢሆን አልሰጥም።"

ባልየው ሠላሳ ዓመት ሰርግ ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው። "የመቅረጹን ነገርማ ለእኔ ተይው" ብሎ ደረቱን ነፋ። ምን ምን እንደሚያስፈልግ ልታስረዳው ስትጀምር "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" እያለ ጫማውን አሠረ፤ ከዚያ መንገድ ዳር ገመድና ቻርጀር ከሚያነጥፉ ነጋዴዎች አውራ ጣት የምታህል ካፕቸር ካርድ ይዞ መጣ። "በዚህ በኩል የጌሙ ምስል ይገባል፣ በዚያ በኩል ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካል፣ አለቀ" አለ። ቴሌቪዥኑን ነቀለና ሚስቱን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጣት። በእሱ ሙያ ደንቡ እንደዚያ ነው፤ ዓይን መጣል ያለበት የሚቀረጸው ምስል ላይ ነው። የሚጫወት ሰው ከሚቀርጽ ሰው ይለያል ብሎ የነገረው የለም። ሚስቱ ነግራዋለች፣ ግን ሚስት ስትናገር መስማት ሌላ ሙያ ነው።

"ቴሌቪዥኑን መልስልኝ" አለችው አሁን።

እያጉረመረመ መለሰላት። ሦስተኛውን መታጠፊያ ቅቤ እንደሚቆርጥ ቢላ አለፈችው።

"እሺ" አለ አገጩን እያከከ። "እዚያ ስትጫወቺ አይቀረጽም። እዚህ ስትጫወቺ ይቀረጻል፣ ግን ትጋጫለሽ። ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ሱቅ እንሂድ። አሁን ግን የምመርጠው እኔ ነኝ።"

"አንቺ ደግሞ ስለ ካርድ ምን ታውቂያለሽ?"

"ስለ ካርድ ምንም። ስለ ጣቴ ግን አውቃለሁ።"

ሱቁ ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ በኪቦርድና በገመድ ተሸፍኗል፣ ጠረጴዛው ላይ አንጀቱ የተዘረገፈ ኮምፒውተር ተጋድሟል። ባለሱቋ ወጣት ሴት ናት፤ ጠመንጃ መፍቻዋን ጆሮዋ ላይ እንደ እስክሪብቶ ሰክታለች። ሦስት ካርድ ደረደረችላቸው። ባልየው ሳይጠየቅ ትልቁን አነሳ።

"ይሄ ነው። በጥራት አራት እጥፍ ይበልጣል፣ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።"

"ለእርስዎ ነው ጋሼ?"

"ለእሷ ነው።"

ባለሱቋ ወደ ሴትየዋ ዞረች፤ ነጠላ ጫማዋን፣ ሽበቷን፣ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን መነጽር አየች። "ምን ይጫወታሉ እትዬ?"

"የተራራውን መንገድ።"

"በስንት ጨረሱት?"

"በሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ።"

የባለሱቋ እጅ ካርዶቹ ላይ ቆመ። "እኔ ሦስት ዓመት ተጫውቼ ከሁለት ከሃያ ወርጄ አላውቅም" አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። ከዚያ ወንበር ፈልጋ አመጣችላት። ለባልየው አላመጣችም፤ ቆሞ ቀረ።

"አሁን ያለን ካርድ ይዘገያል" አለች ሚስትየው እየተቀመጠች፣ አውራ ጣት የምታህለውን ካርድ ከቦርሳዋ አውጥታ። "ብዙ አይደለም። ታይፕ ስትመቺ፣ ፊደሉ ተነስቶ ወረቀቱ ላይ እስኪያርፍ ያለችውን ታህል።"

"ይዘገያል ትላለች እንጂ እኔ አላየሁም" አለ ባልየው። "ዓይኔ ደግሞ እንጀራዬ ነው።"

ባለሱቋ መካከለኛውን ካርድ አነሳችና ሱቁ ውስጥ ካለው ማጫወቻ ጋር አገናኘችው። "ይሄ ሁለት መውጫ አለው" አለች። "በአንዱ ምስሉ ሳይነካ ቀጥ ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ያልፋል። በሌላው ኮምፒውተሩ ይቀዳዋል። የእርስዎ ግን ወደ ኮምፒውተሩ ብቻ ነው የሚያስገባው።" ቴሌቪዥኑንና ኮምፒውተሩን ጎን ለጎን አዞረቻቸው፤ የጌሙ ሰዓት ሁለቱም ላይ ይሮጣል። "ጋሼ፣ እስቲ በዚያ ዓይንዎ ይዩልኝ። ልዩነት አላቸው?"

መነጽሩን አደረገ። ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን አየ።

"አንድ ናቸው።"

"ሁለቱንም ባንድ ላይ ፎቶ ያንሷቸው።"

በስልኩ አነሳና ምስሉን በሁለት ጣቱ አሰፋው። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ሰዓት አሥራ አራት ሰከንድ ከስልሳ ሁለት ይላል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው አሥራ አራት ሰከንድ ከሃምሳ።

"አሥራ ሁለት መቶኛ" አለች ባለሱቋ። "ኮምፒውተር ውስጥ የሚያልፍ ምስል ሁሉ እንዲህ ይዘገያል፤ በዓይን አይያዝም። እኔም ፎቶ ካላነሳሁ አላየውም። እትዬ ግን በጣታቸው አወቁት።"

ባልየው የስልኩን ምስል ደግሞ አሰፋው። ሰርግ በሚያቀናብርበት ሂሳብ አሥራ ሁለት መቶኛ ሰከንድ ሦስት ፍሬም ናት። ሦስት ፍሬምን እሱ የሚያገኛት ምስሉን አቁሞ፣ አንድ ወደፊት አንድ ወደኋላ እያለ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆጥሮ ነው፤ ለዚያ ነው በየሰርጉ የሚመሰገነው። ይቺ ሴት ሽንኩርት እየከተፈች የምታነጋግረው፣ የሸሚዙን ቁልፍ የምትሰፋለት፣ ሃያ ሰባት ዓመት አጠገቡ የተኛች ሴት፣ መኪናዋ እየበረረች ሦስቷን ፍሬም በአውራ ጣቷ ትቆጥራለች። እሱ ደግሞ ፈርተሽ ነው ብሏታል። አፈረ። ከእፍረቱ በላይ ግን ተደነቀ። ሚስቱን ቀና ብሎ አያት። እሷ ገመዱን ነው የምታየው፤ ፎቶው ምን እንደሚል እንኳ አልጠየቀችም፤ ቀድሞውንም ታውቀዋለችና።

ትልቁ ካርድ አሁንም በእጁ ነው። ምስሉ አራት እጥፍ ይጠራል። "ግን" ብሎ ሊጀምር አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፣ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"የትኛው ነው?" አላት።

ጆይስቲኩን ተቀበለችና ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል አንድ ዙር ነዳች። ባለሱቋ አንድ ደንበኛ "ቻርጀር አለ?" ሲላት በእጇ ቆይ አለችው። ሦስተኛው መታጠፊያ መጣ፣ ሄደ።

"ይሄኛው" አለች ሚስትየው። "መሃል ላይ ካርድ መኖሩ አይታወቀኝም።"

ሐሙስ ጠዋት ባልየው ሳሎኑን እንደ ስቱዲዮ አዘጋጀው። ቴሌቪዥኑ ቦታው ተመለሰ፣ ካርዱ ተሰካ፣ ኮምፒውተሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ብቻውን ይቀርጻል። የሰርግ ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አድርጎ ወደ እጆቿ አነጣጠረ። ስንት ሺህ እጅ ቀርጿል፤ ቀለበት ሲያጠልቅ፣ ኬክ ሲቆርስ፣ እንባ ሲጠርግ። የሚስቱን እጅ በካሜራ ሲያይ ግን የመጀመሪያው ነው።

ስድስት ጊዜ ጀምራ ስድስት ጊዜ አቋረጠች። አልተበሳጨችም፤ በየመሃሉ ጣቶቿን ዘርግታ ታጥፋለች፣ ደግማ ትጀምራለች። በሰባተኛው ላይ ባልየው አንድ ነገር አየ። መታጠፊያው ገና ቴሌቪዥኑ ላይ ሳይታይ የግራ አውራ ጣቷ መንገድ ጀምሯል። ትንሽ ነው፣ የጤፍ ፍሬ ታህል ነው የሚገፋው፤ መኪናዋ ግን ያንኑ ታህል ሰምታ ከግድግዳው ጋር ሳትነካካ ታልፋለች። ጣት መርቶ ዓይን ሲከተል አይቶ አያውቅም። ካሜራው እየቀረጸ መሆኑን ረሳው፣ ቤት ውስጥ መሆኑንም ረሳው።

ሰዓቱ ቆመ። ሁለት ደቂቃ፣ አሥር ሰከንድ፣ ዘጠና አራት።

ሚስትየው ጆይስቲኩን ጎኗ አስቀመጠችና የእጇን አንጓ አሸት አሸት አደረገች። "ተቀርጿል?" አለች።

"ተቀርጿል" አለ። ካሜራውን ሊያጠፋ ጎንበስ አለ።

ከመላካቸው በፊት ኮምፒውተሩን አዙረው፣ የካሜራውን ምስል ጥጉ ላይ ጨምረው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው አዩት። ምስሉ ጠርቷል፣ እጇ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይታያል። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ግን ከሞተሩ ጩኸት ሥር አንድ የወንድ ድምፅ ተሰማ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚጸልይ ሰው፦ "ወይ አንቺ ሴት።" መጨረሻው ላይ ደግሞ አፍንጫውን ሳብ ሲያደርግ ይሰማል።

ባልየው ጆሮው ጋለ። የሚቀርጽ ሰው አፍ የለውም ብሎ ስንቱን ረዳት የገሠጸ ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድም ሰርግ ላይ ድምፁ ገብቶ አያውቅም።

"አጥፋው እንጂ" አለችው ሚስቱ። "ስምህ ነው፣ ባለሙያ ነህ። ቢስቁብህስ?"

"ማጥፋት ይቻላል። የካሜራው ማይክ ድምፅ ለብቻው ነው የተቀረጸው፤ ምስሉ እስካልተቆረጠ ደንቡ ይፈቅዳል።"

"በል አጥፋዋ።"

ማውሱን ወደ ድምፁ መስመር ወሰደው። አንድ ጊዜ ቢጫነው ያበቃል። ወደኋላ መለሰና ያቺን ቦታ ደግሞ ሰማት፤ "ወይ አንቺ ሴት።" ከዚያ ማውሱን ከመስመሩ ላይ አነሳው።

"የነዳው ልጅሽ ነው ላለሽ ሰውዬ ምስክር ያስፈልገዋል" አለ፣ "ላክ" የሚለውን እየተጫነ። "ይስማኝ።"