ቁጥር የሌለው ገል

ሸክላ ሠሪው የእቶኑን በር የደፈኑትን ጡቦች አንድ በአንድ ሲያነሣ እጁ እንደ ልማዱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህ መንቀጥቀጥ ሳይጀምረው ባለፈው ክረምት የሠራት ማሰሮ፣ ወገቧ ጠምዘዝ፣ አንገቷ ቀጠን ያለ፣ በዕድሜው ሠርቶት የማያውቀው ቅርጽ፣ ቅብ ሳይነካት መደርደሪያው ላይ ትጠብቀዋለች። ሁለተኛ እንዳይሠራ እጁ ከድቶታል። ቅቡ የሚቀመምበት ጥቁር አፈርም መገኛው በመንገድ ሥራ ስለ ተደፈነ የቀረው አንድ ባልዲ ብቻ ነው፤ ለማሰሮዋ ይበቃል፣ ለሌላ ሙከራ አይተርፍም።

ስለዚህ አስቀድሞ ስድሳ ዓይነት ቅይጥ፣ እሱ ገል በሚላቸው ስድሳ ትንንሽ ጠፍጣፋ ሸክላዎች ላይ ቀብቶ ለእሳት አዘጋጀ። ቅይጡን እየመዘነች በደብተር ያሰፈረችው፣ የእያንዳንዱንም ቁጥር በጀርባው የጻፈችው፣ እቶኑ ውስጥም የደረደረቻቸው ታናሽ እኅቱ ናት። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ስለሆነች «የኔታ» እያለ ይቀልድባታል።

«በይ የኔታ፣ ደብተርሽን ያዥ። ዛሬ ፈተና እናርማለን።»

«የስንቱን ሰነፍ ፈተና አርሜ ያንተ ጭቃ ያቅተኛል እንዴ ወንድምዓለም?»

ፊት ፊታቸውን እያየ ገሎቹን ወደ ጎን ያስቀምጥ ጀመር። አንዱ አረፋ አውጥቷል፤ ሌላው እንደ ቆሻሻ ውኃ ደፍርሷል። ከታችኛው ረድፍ ጥግ ያነሣውን ግን ወደ ብርሃን አዞረው። ዝናብ ያዘለ ደመና የመሰለ ሰማያዊ፣ ከጠርዙ እንደ ማር የሚንጠባጠብ ቡናማ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት የፈለገው ቀለም።

«ስንት ቁጥር ነው?» አለች እኅቱ፣ ጣቷን ልሳ ደብተሩን ልትገልጥ።

ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነው። ሌላ አነሣ፤ እሱም ባዶ።

«በምንድን ነው የጻፍሽው?»

«በብዕሬ ነዋ።»

«ዝገት በጥብጬ በብልቃጥ ሰጥቼሽ አልነበር?»

«እሱማ ይዝረከረካል፤ ሦስቱ ስምንት ይመስላል። እንዳይምታታብህ ብዬ...» ድምፅዋ ተቋረጠ። «ጠፋ እንዴ?»

«ዝገት እሳት ይችላል። የብዕር ቀለም ግን ይነድዳል።»

ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ይህን አንድም ቀን ነግሯት እንደማያውቅ ትዝ ሲለው መልሶ ገጠመው። አብሮት ለኖረ ሰው መነገር የሚያስፈልገው ነገር አልመሰለውም ነበር።

«የደረደርኩትም በቁጥር ተራ ሳይሆን እንደተመቸኝ ነው» አለች፣ ሳይጠይቃት። «በግምትስ?»

«ከስድሳ? ግምቱ ከሳተ ማሰሮዋም አፈሩም የሉም።»

እሱ ገና ትኩስ ከሆነው እቶን አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«እስቲ ቅይጦቹን አንብቢልኝ፤ የዚህን ስሰማው አውቀው ይሆናል» አለ።

ከአንድ ጀምራ አነበበች፤ አፈር ይህን ያህል፣ አመድ ይህን ያህል፣ የተፈጨ ድንጋይ ይህን ያህል። እሱ ገሉን በመዳፉ ይዞ፣ ስሙ እስኪጠራ እንደሚጠብቅ ተማሪ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ስድሳኛውን ጨርሳ ቀና ብላ አየችው።

«እንደገና» አለ።

ደብተሩን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰችው።